ፒችትሪ ትችያለሽ ሲሏት «በጣም» ያለችው ልጅ

ደብዳቤው ይሄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ እንደምን ከረሙ። ስሜ ይቆይልኝ። 26 ዓመቴ ነው፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሰርቻለሁ፣ መጀመሪያ ካሸር ከዛ ጁኒየር አካውንታንት ሆኜ። ባለፈው ወር ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ አመልክቼ የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ሆኜ አለፍኩና ኢንተርቪው ተጠራሁ። ሶስት ሰዎች ነበሩ። ‹ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) እንዴት ነሽ?› ሲሉኝ ‹በጣም ጎበዝ ነኝ› አልኩ፣ ሲቪዬ ላይም ኤክሰለንት ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር እኔ የማውቀው ሽያጭና ግዢ መመዝገብ፣ ሪፖርት ፕሪንት ማድረግ ነው፣ ዓመት የሚዘጋልን፣ ማለትም የዓመቱን ሂሳብ ጨርሶ ወደ አዲሱ ዓመት የሚያሻግርልን፣ ሁሌ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነበር። አንደኛው ‹ዓመት ስትዘጊ መጀመሪያ ምንድነው የምታደርጊው?› አለኝ። ‹ክሎዝ የሚለውን እጫነዋለሁ› አልኩ። ‹ከዘጋሽ በኋላ ስህተት ብታገኚስ?› ሲለኝ ‹መልሼ እከፍተዋለሁ› አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥለው ስለ አይኤፍአርኤስ 16 (ከዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች አንዱ ነው) ጠየቁኝ፣ ስሙን ሰምቻለሁ ግን ስለምን እንደሆነ ጠፋኝ፣ ስለ ኢንቬንተሪ ነው ብዬ አምስት ደቂቃ ለፈለፍኩ። አልደወሉልኝም። ጓደኞቼ ‹አላውቅም የሚል ሰው ማን ይቀጥራል፣ አንቺን ያነሰሽ ኮንፊደንስ ነው› ይሉኛል። አሁን ሌላ ድርጅት በዛው ሲቪ ለሚመጣው ማክሰኞ ጠርቶኛል። አላውቅም ልበል ወይስ የተሻለ መዋሸት ልማር? የምሬን ነው የምጠይቅዎት። ደሞ ደመወዝ ስንት ትጠብቂያለሽ ሲሉ ምን እንደሚባል ግራ ይገባኛል።»

የኔ ልጅ፣ «የተሻለ መዋሸት ልማር» የምትለዋ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፣ በአንቺ አይደለም፣ ይቺን ጥያቄ ስንቱ በሆዱ ይዟት ሲዞር አንቺ ደፍረሽ ስለጻፍሽው ነው። እኔም ይዣት ዞሬያለሁ። 1988 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ኮምፒውተር ማወቅ ማለት ዶስ፣ ወርድፐርፌክት፣ ሎተስ (እንደ ዛሬው ኤክሴል ያለ የሰንጠረዥ ፕሮግራም) ማወቅ ነበር፣ ኤክሴል ገና ሰው አፍ ውስጥ አልገባም። ለአንድ መስሪያ ቤት ሂሳብ ሰራተኝነት ተጠራሁና «ሎተስ ትችላለህ?» ሲሉኝ እኔ ሰርተፍኬቱን ከጓደኛዬ ግድግዳ ላይ ነው ያየሁት እንጂ ቁልፉን ነክቼ አላውቅም፣ «እችላለሁ» አልኩ። «እሺ ና ቁጭ በል» አሉኝና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። ጥቁር ስክሪን፣ መስመር፣ ፊደል፣ በቃ። ሜኑው የታለ? ማውዝ የለም። እንዲህ ተቀምጬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ ለኔ ዓመት ነው፣ መጨረሻ ላይ ከፈታኞቹ አንዷ ትልቅ ሴትዮ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው «ልጄ፣ ስላሿን (/) ተጫናት» አሉኝ። ስላሽ ስትጫኚ ነው ሎተስ ሜኑ የሚያወጣው፣ የመጀመሪያ ቀን የመጀመሪያ ሰዓት ላይ የሚማሩት ነገር ነው። ተጫንኳት፣ ሜኑው መጣ፣ ከዛ ወዲያ ምን እንደማደርግም አላውቅም ነበር፣ ተነስቼ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ኪቦርድ ላይ ስላሽን ሳይ ሴትዮዋ ትዝ ይሉኛል።

ከዛ በኋላ ዕድሜ ደጉ እኔም በሌላኛው ወንበር ተቀመጥኩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ፋይናንስ ውስጥ ስኖር ቁጥሩን የማላስታውሰው ኢንተርቪው ላይ ፈታኝ ሆኛለሁ። ስለዚ ከዛ ወንበር ምን እንደሚታይ ልንገርሽ፣ ጓደኞችሽ ያልነገሩሽ እሱን ነውና።

መጀመሪያ ነገር፣ ፈታኝ ጥያቄ የሚጠይቀው መልሱን ስለማያውቅ አይደለም። ይሄ ቀልድ ይመስላል ግን ኢንተርቪው ላይ የተቀመጠ ሰው ይረሳዋል። አንቺ ስለ ኢንቬንተሪ አምስት ደቂቃ ስትናገሪ እነዛ ሶስቱም ሰዎች አይኤፍአርኤስ 16 ስለ ኪራይ እንደሆነ ያውቁ ነበር፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ። የቀረውን አራት ደቂቃ ተኩል ያዩት ሌላ ነገር ነው፣ ይቺ ልጅ የማታውቀውን ነገር በስንት እርግጠኝነት ትናገራለች የሚለውን። አንዳንዱ ፈታኝ ደሞ እንደኔ ነው፣ አላውቅም እስክትዪ ድረስ ነው የሚቆፍረው። የምታውቂውን ስትመልሺ ትንሽ ከበድ ያለ ያመጣል፣ እሱንም ስትመልሺ ሌላ፣ ወለልሽ የት ጋ እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። እዛ ወለል ላይ ስትደርሺ «እዚህ ጋ አላውቅም» ማለት የሚጠበቅ መልስ ነው፣ ነጥብ የሚያስቀንሰው ወለሉን ሰብረሽ ስትወርጂ ነው።

በፈረንጆቹ 2015 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሉበት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ስለ ገንዘብና ፋይናንስ ምን ያህል ታውቃላችሁ ብለው ሰዎችን ጠየቁና ከዛ የቃላት ዝርዝር ሰጧቸው፣ የቱን ምን ያህል ታውቁታላችሁ እያሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ሶስት ፈጽሞ የሌሉ፣ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የፈጠሯቸው ቃላት ነበሩ፣ «ፕሪ ሬትድ ስቶክስ» ምናምን የሚባል። እና የሌለውን ቃል አውቀዋለሁ ያለው ማን መሰለሽ? በብዛት «እኔ ፋይናንስ አውቃለሁ» ብሎ ራሱን ከፍ አድርጎ የሰጠው ሰው ነው። ስለዚ ይሄ ያንቺ ብቻ ድክመት አይደለም፣ አውቃለሁ ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ያለበት ነገር ነው፣ ስሙን ሰምቶታልና የሚያውቀው ይመስለዋል። አንቺም አይኤፍአርኤስ የሚለውን ስም ስትሰሚ ጭንቅላትሽ «ይሄንን እናውቀዋለን» አለሽ፣ አፍሽ ደሞ ቀደመ።

አሁን ጓደኞችሽ ወዳሉት ልምጣ፣ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብለው አባቶች የተረቱት ለዚህ ነው። የኛ አገር አስተዳደግ ደሞ ታውቂዋለሽ፣ ትልቅ ሰው ፊት ብዙ ያወራ ልጅ ባለጌ ይባላል፣ ክፍል ውስጥ «አላውቅም» ያለ ውጣና ተንበርከክ ይባላል፣ እንዲህ እንዲህ እያልን አድገን በ26 ዓመታችን «እስቲ ራስሽን ሽጪ» የሚሉን ሶስት የማናውቃቸው ሰዎች ፊት እንቀርባለን። ከዛ ግማሹ ሰው የሚችለውን ሁሉ «ብዙም አልችልም» ይላል፣ ግማሹ የማይችለውን ሁሉ «በጣም» ይላል። ሁለቱም ያው ናቸው ለኔ፣ ፈታኙ ሁለቱንም ማመን አይችልም። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ወጥተሽ ገብተሽ አንገትሽን ደፍተሽ «እኔ ምንም አላውቅም» ብትዪም ኖሮ አልቆጣም ነበር እንዴ? በደንብ ነው የምቆጣው።

ግን ጓደኞችሽ የሳቱት አንድ ትልቅ ነገር አለ፣ የሂሳብ ስራ ሌላ ስራ አይደለም። ሴልስ ብትሆኚ ምናልባት ሌላ ወሬ ነው። አካውንታንት ማለት ማንም ሳያያት ቁጥር የምትጽፍ ሰው ናት፣ እኛ የምንቀጥረው ስትጠራጠር ቆም ብላ «ይሄን ላጣራ» የምትለዋን ነው፣ እርግጠኛ ሳትሆን የጻፈች እንደሆነ ስህተቱን የምናውቀው ኦዲተር ሲመጣ ወይ ገቢዎች ሲመጣ ነው፣ ያኔ ደሞ ከነቅጣቱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፣ በቅርብ የሆነ ነው። የደመወዝ ግብሩ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ተቀይሯል አይደል፣ ድሮ እስከ 600 ብር ነበር ነጻው፣ አሁን እስከ 2,000 ሆነ፣ መነሻው 10 ፐርሰንት የነበረው 15 ሆነ፣ 35 ፐርሰንቱ ከ10,900 በላይ የነበረው ከ14,000 በላይ ሆነ። እና ለውጡ በወጣ ሰሞን ለፔይሮል (ለደመወዝ ስሌት) ሰው ስንፈልግ ሁለት ልጆች ለመጨረሻ ደረሱ። አንዱን የደመወዝ ግብር ንገረኝ ስለው እንደ ውዳሴ ማርያም ወረደው፣ እስከ 600 ነጻ፣ እስከ 1,650 አስር ፐርሰንት፣ እስከ 3,200 አስራ አምስት፣ አንድ ሳይስት፣ ሁሉም አሮጌው። «ተቀይሯል ሲባል ሰምተሃል?» አልኩት። «አልተቀየረም፣ ፕሮፖዛል ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ሁለተኛዋ «ተቀይሯል፣ ነጻው 2,000 ነው፣ መጨረሻው ከ14,000 በላይ 35 ነው፣ መሃሉን ግን በቃሌ አልያዝኩትም፣ ፔይሮል ሳልሰራ በፊት አዋጁን ከፍቼ ኤክሴሉ ላይ አስገባዋለሁ» አለች። በቃል ብዙ ቁጥር የጠራው እሱ ነው። የወሰድነው እሷን ነው። አስቢው፣ 12,000 ብር ደመወዝተኛ ላይ በአሮጌው ሲሰላ ግብሩ 2,700 ነው፣ በአዲሱ 2,250፣ 450 ብር ልዩነት ነው በወር ለአንድ ሰው፣ እንዲህ ያለ 40 ሰው ቢኖርሽ በየወሩ 18,000 ብር ከሰራተኛ ኪስ ያላግባብ ትቆርጫለሽ ማለት ነው፣ ከዛ ሰራተኛው በር ላይ ተሰልፎ ሲመጣ «ፕሮፖዛል ነው» ማለት ይቻላል?

እና አንቺ የተጠየቅሽው የፒችትሪ ጥያቄም እንዲሁ ነው፣ ሰዎቹ ለምን እንደተያዩ ላስረዳሽ። ፒችትሪ (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፣ እኛ ግን እስክንሞት ፒችትሪ ነው የምንለው) ዓመት አንዴ ከተዘጋ መልሶ መክፈት የሚባል ነገር የለውም። መመለሻው ከመዝጋትሽ በፊት የወሰድሽው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ብቻ ነው። ለዛ ነው ዓመት የዘጋ ሰው ሁሉ ይሄንን ጥያቄ ሲጠየቅ ሳያስብ «ባክአፕ» የሚለው፣ አንዴ የተቃጠለ ሰው መልስ ነው። «መልሼ እከፍተዋለሁ» ስትዪ ፒችትሪ በጣም አውቃለሁ ያልሽው ሁሉ እዛው ፈረሰ፣ የከፋው ደሞ በትክክል የምታውቂውም አብሮ ፈረሰ፣ ሽያጭና ግዢ መመዝገብሽንም መጠራጠር ጀመሩ። ውሸት ክፋቱ ይሄ ነው፣ ከጎኑ ያለውን እውነት ይዞ ነው የሚወድቅ።

ታዲያ ምን ማለት ነበረብሽ? አላውቅም ስልሽ ባዶ «አላውቅም» ብለሽ ዓይንሽን መሬት ላይ ትከዪ ማለቴ አይደለም። አለማወቅ ብዙ ዓይነት ነው እኮ። ፈጽሞ ሰምተሽው የማታውቂው አለ፣ ሰምተሽው ያልሰራሽው አለ፣ ድሮ ሰርተሽው የረሳሽው አለ፣ ሌላ ሰው ሲሰራ አጠገቡ ሆነሽ ያየሽው አለ። ያንቺ ዓመት መዝጋት የመጨረሻው ነው፣ ጥሩው ዓይነት። «መዝጋቱን ራሴ ሰርቼው አላውቅም፣ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ነበር፣ እኔ እሱ ከመምጣቱ በፊት የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩንና የመዝገባችንን ሂሳብ ማስታረቅ) ጨርሼ፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ዝርዝሩን ከሌጀሩ ጋር አመሳክሬ፣ ትራያል ባላንስ (የዴቢትና ክሬዲት ማመዛዘኛ ዝርዝር) አውጥቼ አስረክበው ነበር» ብትዪ ኖሮ (ሰርተሽ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ካልሰራሽ ይሄንንም እንዳትዋሺ) ፈታኙ ይሄን ሰምቶ የሚያስበው «ታዲያ ይቺ ልጅ የቀራት እኮ አንድ ቀን ማሳየት ነው» ብሎ ነው። ከመዝጋቱ በፊት ያለው ነው ስራው፣ መዝጋቱማ ዊዛርዱ (ደረጃ በደረጃ የሚመራሽ መስኮት) ኔክስት ኔክስት እያለ ይወስድሻል። ይሄን ሰርተሽ ከሆነ አንቺ ከባዱን ስራ ሰርተሽ በቀላሉ ነው የዋሸሽው፣ ይሄ ነው ያናደደኝ።

የአይኤፍአርኤሱ ደሞ ሰምተሽው የጠፋብሽ ነው። እሱን «ስሙን አውቀዋለሁ፣ የትኛው እንደሆነ አሁን አልመጣልኝም፣ ርዕሱን ቢነግሩኝ የማውቀውን እናገራለሁ» ማለት ነበር። አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው። «ስለ ሊዝ ነው» ቢሉሽ ምናልባት ትዝ ይልሽ ነበር፣ ባይልሽም ከነገሩ ተነስተሽ ማሰብ ትችያለሽ፣ ድርጅቱ ለአምስት ዓመት ሱቅ ቢከራይ በየወሩ ኪራይ ወጪ ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ቤቱን የመጠቀም መብቱን ንብረት፣ የሚከፍለውን ዕዳ አድርጎ ባላንስ ሺት ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ አጭር ኪራይ ከሆነ ማለፍ ይቻላል። ለማክሰኞ ይቺን ያዢያት። እንዲያውም አንድ ጥያቄ አለ፣ እሱን ብትጠይቂ ደስ ይለኛል፦ «ድርጅቱ የሚጠቀመው ሙሉውን አይኤፍአርኤስ ነው ወይስ ለአነስተኛና መካከለኛ የተዘጋጀውን?» በይ። ምክንያቱም የትንንሾቹ ስታንዳርድ ውስጥ የኪራዩ አያያዝ በአይኤፍአርኤስ 16 አይሄድም፣ ይሄን የምትጠይቅ ልጅ ዝርዝሩን ባታውቅም ካርታውን ታውቃለች ማለት ነው።

እና አንድ ነገር ልብ በይ፣ አላውቅም ካልሽ በኋላ ዝም በይ። ሰው ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ «አላውቅም ግን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጂፒኤዬ እንትን ነበር፣ ኢንተርንሺፕ እንትን ጋ ነበር፣ ማንኛውንም ነገር ቶሎ እይዛለሁ» እያለ ይቀጥላል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፣ ይሄ እሱ ነው። ፈታኙ ስለ አባትሽ ነው የጠየቀው። «ቶሎ እይዛለሁ» የሚለው ደሞ ሰው ሁሉ የሚለው ስለሆነ ማንም አይሰማውም፣ እንዲህ ከምትዪ ቶሎ የያዝሽውን አንድ ነገር ንገሪው፣ ከካሸር ወደ ጁኒየር አካውንታንት በስንት ወር እንዳደግሽና ምን እንደተማርሽ ንገሪው።

አንድ ሌላም አለ፣ የቋንቋው ነገር። ስንቱ ልጅ ነው መልሱን እያወቀ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለመጣ ብቻ የሚጠፋው። ጥያቄው አልገባኝም እና መልሱን አላውቅም ይለያያሉ። «ጥያቄውን ቢደግሙልኝ» ማለት ነውር የለውም፣ «በአማርኛ ልመልስ?» ማለትም ነውር የለውም፣ አብዛኛው ፓነል ይፈቅዳል፣ ስራው ላይ እንግሊዝኛ የግድ ከሆነ ደሞ ያው ይነግሩሻል፣ እሱንም ማወቅሽ ጥሩ ነው።

ግን ወዲህ ደሞ አታስቢ፣ «ጋሼ አላውቅም በይ ብሎኛል» ብለሽ ሄደሽ ሁሉንም አላውቅም እንዳትዪ። የማይታለፍ አለ። ቫት 15 ፐርሰንት መሆኑን፣ ጡረታ ከሰራተኛ 7 ከድርጅት 11 መሆኑን፣ ዴቢት ክሬዲትን፣ አክሩዋልና ካሽ ቤዚስን አላውቅም ያለች አካውንታንት ሐቀኛ ናት ብዬ አልቀጥራትም፣ ሂጂና አጥንተሽ ተመለሺ ነው የምላት።

አሁን ስለ ሲቪው። እሱን እንዳለ ይዘሽ እንዳትሄጂ። መቼም ከቴሌግራም የወረደ ፎርም ላይ ነው የሞላሽው ወይ ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ነው የጻፈልሽ፣ ኤክሰለንት የሚለው ቃል የሚመጣው ከዛ ነው፣ የመቶ ሰው ሲቪ ላይ ፒችትሪ ኤክሰለንት፣ ኤክሴል ኤክሰለንት፣ እንግሊዝኛ ኤክሰለንት ነው፣ ፈታኝ ዓይኑ ዘሎት ነው የሚያልፈው፣ እስኪጠይቅሽ ድረስ። ዛሬ ማታ አስተካክዪው። ኤክሰለንት የሚለውን አጥፊና በቦታው የሰራሽውን ጻፊ፣ «በፒችትሪ ሽያጭ፣ ግዢ፣ ክፍያና ሪፖርት ሁለት ዓመት» ብለሽ። ይሄ ከኤክሰለንት ይበልጣል፣ ሁለት ዓመት በየቀኑ የነካችው ሰው ናት ማለት ነውና። ሶስት ኮፒ አውጥተሽ ማክሰኞ ስትገቢ «የተስተካከለ ሲቪ ይዤ መጥቻለሁ» ብለሽ ስጫቸው። ለምን ተስተካከለ ካሉሽ «የመጀመሪያው ላይ ፒችትሪውን አጋንኜው ነበር» በያቸው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ንስሐ አባትሽ ፊት እንደቀረብሽ አታድርጊው። ይሄን ስል «ጋሼ ይሄማ ራሴን መጣል ነው» ትዪ ይሆናል። ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ፓነል አለ ፊቱን የሚያጨልም፣ ዋስትና አልሰጥሽም። ግን ሌላኛውንም መንገድ እስኪ እንየው።

እሺ ዋሸሽና አለፍሽ እንበል፣ ቀጠሩሽ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የስራ ቀን ነው፣ በዛ ውስጥ ለስራው ብቁ አይደለሽም ብለው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ። 60 የስራ ቀን ማለት ወደ ሶስት ወር ገደማ በየማለዳው ዛሬ ታወቀብኝ እያልሽ መነሳት ነው። ደሞ የፋይናንስ ስራ ነው፣ ተያዥ ይጠይቁሻል። ተያዥሽ ማን ሊሆን ነው? አጎትሽ? የእናትሽ ጓደኛ ባል? ያ ሰውዬ ደመወዙን አስመስክሮ፣ ደብዳቤ አጽፎ፣ ስሙን ፈርሞ «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» ይላል። ከዛ አንቺ የማታውቂውን ሲስተም አውቃለሁ ብለሽ ገብተሽ ሂሳብ ቢጎድል፣ ሰርቀሽ ሳይሆን ሳታውቂ ቢጎድል፣ መጀመሪያ የሚደወለው እሱ ጋ ነው። እኔ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት የተጠራ ተያዥ አይቻለሁ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ ነበር፣ ጉድለቱ መጨረሻ ላይ የተሳሳተ ምዝገባ ሆኖ ተገኘ፣ ሰው የወሰደው ብር አልነበረም፣ ግን እሳቸው ያን ግማሽ ቀን ኮሪደር ላይ መቀመጣቸውን ማን ይመልስላቸዋል? ልጁ ኢንተርቪው ላይ ፒችትሪ አቀላጥፎ ነበር የሚያወራው፣ እኔም ነበርኩበት ፓነሉ ላይ፣ እኔም አምኜው ነበር፣ ለዛ ነው ያልረሳሁት።

እስከ ማክሰኞ ያሉሽን ቀናት እንዲህ ተጠቀሚባቸው። ፒችትሪ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሰው ፈልጊ፣ ውስጡ የመለማመጃ ድርጅት አለ፣ ቤልዌዘር ጋርደን ሰፕላይ የሚባል፣ የአትክልት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው፣ በፒችትሪ ኮርስ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እሱን ክፈቺና መጀመሪያ ባክአፕ ውሰጂ (አሁን ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ)፣ ከዛ የባንክ ሪኮንሲሌሽን ስሪበት፣ ጆርናል ግቢበት፣ ይር ኤንድ ዊዛርዱን ከፍተሽ እስከ መጨረሻ ሂጂና ዝጊው፣ ከዛ አበላሽተሽው በባክአፑ መልሺው። የማንም ብር አይደለም፣ እንደፈለግሽ አበላሺው። አዲስ ድርጅት መክፈትም ሞክሪ፣ የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ፒችትሪ ደሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ ስለዚ ፔሬዱን ከጁላይ 8 ጀምረሽ እንዴት እንደምታስተካክዪ ስታይ አንድ ከሰዓት ይወስድብሻል፣ ይውሰድብሽ። ማክሰኞ ታዲያ «ዓመት ዘግተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉሽ «በድርጅት ሂሳብ ላይ አልዘጋሁም፣ በመለማመጃው ላይ ግን ዘግቼ በባክአፕ መልሻለሁ» ትያለሽ። ይሄ እውነት ነው፣ ደሞ ጥሩ መልስ ነው፣ ሁለቱ እንዲህ ሲገናኙ እንዴት ደስ እንደሚል ታይዋለሽ።

ያልደወሉልሽን ሰዎች ተያቸው። ደውዬ ይቅርታ ልበል ብለሽ ካሰብሽ አያስፈልግም፣ ያንን ቀን እነሱ ረስተውታል፣ አንቺ ነሽ የያዝሽው።

የደመወዙን ረስቼው አይደለም። ሰው ሁሉ «በድርጅቱ ስኬል መሰረት» ይላል፣ ትህትና ይመስላል ግን እሱም ተደብቆ የመጣ አላውቅም ነው። ስኬላቸውን ካላወቅሽ «ስኬላችሁን አላውቀውም፣ ለዚህ ቦታ ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ አይነግሩሽ ይሆናል፣ መጠየቅ ግን ይቻላል። አንቺ ቁጥር ስትጠሪ ደሞ ግሮስ (ሳይቆረጥ) ነው ወይስ ኔት (ተቆርጦ እጅሽ የሚገባው) የሚለውን ለይተሽ ጥሪ፣ አካውንታንት ሆነሽ እዚህ ላይ እንዳትምታቺ። 12,000 ግሮስ ካሉሽ ግብሩ 2,250፣ ጡረታው 840፣ እጅሽ የሚገባው 8,910 ነው። አሁን ከምታገኚው ጋር፣ ከቤት ኪራዩና ከታክሲው ጋር አስተያዪውና ከስንት በታች ብትሄጂ እንደማያዋጣሽ ሰኞ ማታ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ተኚ።